ስክሪኑ የሚለካው ዐይንን ነው ወይስ ራሱን?

አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ የሚከተለውን ሙከራ አዘጋጀ እንበል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ ፊደል ለ40 ሚሊሰከንድ ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ በሙከራው የሚሳተፉ ሰዎችም ያዩት ፊደል የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። ተማሪው ፕሮግራሙን ጻፈ፤ ሃያ ሰዎችን ፈተነ፤ ውጤቱንም በሠንጠረዥ አስፍሮ «የሰው ልጅ በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ ፊደል መለየት ይችላል» ሲል ደመደመ። ሥራው ከላይ ሲታይ እንከን ያለበት አይመስልም። ነገር ግን የተጠቀመበት ስክሪን ፊደሉን ለ40 ሚሊሰከንድ አንድም ጊዜ አላሳየም፤ ሊያሳይም አይችልም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ዛሬ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያይ የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኮምፒውተርና ስክሪን ይጠቀማሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ቀድሞ ሊጠየቁ የማይችሉ ጥያቄዎችን ለመጠየቅ አስችለዋል። ይሁን እንጂ ስክሪን በመጀመሪያ የተሠራው ለሳይንስ መለኪያነት ሳይሆን ለጽሕፈት፣ ለፊልምና ለጨዋታ ነው። ባሕርዩን ሳያውቅ የሚጠቀምበት ተመራማሪ የዐይንን ጠባይ ያገኘ እየመሰለው የስክሪኑን ጠባይ ሊዘግብ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ኮምፒውተር ለዕይታ ጥናት ያበረከተውን፣ ስክሪን የሚያስከትላቸውን ስሕተቶችና የማረሚያ ዘዴዎቻቸውን እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማየትን መለካት ይቻላልን?

ማየት የሚጀምረው ብርሃን በዐይን የውስጠኛው ጀርባ በሚገኘው ሬቲና ላይ ሲያርፍ ነው። ብርሃኑ ራሱ የፊዚክስ ጉዳይ በመሆኑ በመሣሪያ ይለካል። ያ ብርሃን በአእምሮ ውስጥ የሚፈጥረውን «አየሁ» የሚል ግንዛቤ ግን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር በ1860 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ችግር የሚያልፍ መንገድ አመለከተ። መንገዱም መጠኑ በትክክል የሚታወቅ ማነቃቂያ ለሰው አሳይቶ መልሱን መመዝገብ ነው። ማነቃቂያው በጥቂት በጥቂቱ ሲቀነስ ሰውየው ከማየት ወደ አለማየት የሚሻገርበት መጠን ይገኛል። ይህ መጠን የቤትን ውስጥና ውጭ እንደሚለየው ደፍ የሚታየውንና የማይታየውን ስለሚለይ «የማየት ደፍ» ልንለው እንችላለን። ፌክነር የመሠረተው ሳይንስ ሳይኮፊዚክስ ይባላል።

የዚህ ዘዴ ኃይል በጉልህ የታየው በ1942 ሰሊግ ሄክት፣ ሲሞን ሽሌርና ሞሪስ ፒሬን ባሳተሙት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በጨለማ ክፍል ውስጥ ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ የቆዩ ሰዎችን እጅግ ደካማ በሆነ የብርሃን ብልጭታ ፈተኑ። ሰዎቹ ብልጭታውን ለማየት ከ5 እስከ 14 የሚደርሱ ፎቶኖች ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች ብቻ በሬቲና ሕዋሳት መዋጥ እንደሚበቃቸው አሰሉ። ለዚህ የተጠቀሙት ኮምፒውተርን ሳይሆን መብራትን፣ የብርሃን ማጣሪያዎችንና መክፈቻና መዝጊያን ነበር። ውጤታቸው እስከ ዛሬ ሊጠቀስ የቻለውም ወደ ዐይን የሚልኩትን የብርሃን መጠን አስቀድመው በጥንቃቄ ስለለኩ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ስክሪን የምንለው ሁሉ የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ የምናሳየውን ብርሃን በእርግጥ እናውቀዋለንን?

ኮምፒውተር የጨመረው ምንድን ነው?

በቀድሞው ዘመን የዕይታ ተመራማሪ ምስሎቹን በካርድ ላይ ይስል ነበር፤ ለቅጽበት ብቻ ለማሳየትም ታኪስቶስኮፕ የተባለ መሣሪያ ይጠቀም ነበር። በእጅ የተሳለ ምስል ግን ወሰን አለው። ወሰኑን ከሰበሩት አንዱ ከሀንጋሪ ወደ አሜሪካ የተሰደደው መሐንዲስ ቤላ ዩሌስ ነው። ዩሌስ በቤል ላቦራቶሪዎች ሲሠራ በ1960 ባሳተመው ጥናት ኮምፒውተር ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦችን በዘፈቀደ እንዲደረድር አደረገ። ከዚያም የዚሁ ምስል ሁለተኛ ቅጂ ተዘጋጀ፤ በቅጂው ውስጥ ግን መካከል ላይ ያሉት ነጠብጣቦች አንድ አራት ማዕዘን ሠርተው በጥቂቱ ወደ ጎን እንዲገፉ ተደረገ።

እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ሲታይ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ነው፤ አራት ማዕዘኑ በየትኛውም ውስጥ አይታይም። አንዱን ለቀኝ ዐይን፣ ሌላውን ለግራ ዐይን ለየብቻ ሲያሳዩ ግን አራት ማዕዘኑ ከጀርባው ተነጥሎ ተንሳፍፎ ይታያል። ቀደም ሲል ብዙዎች አእምሮ ርቀትን የሚለየው በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ዐይን ዕቃውን ካወቀ በኋላ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የዩሌስ ሙከራ ግን በአንድ ዐይን የሚታወቅ ምንም ዕቃ ሳይኖር የርቀት ግንዛቤ ሊፈጠር እንደሚችል አሳየ። በሺህ የሚቆጠሩ ነጠብጣቦችን ያለ አድልዎ በዘፈቀደ መደርደር ለሰው እጅ አድካሚ፣ ለኮምፒውተር ግን ቀላል ሥራ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ከኤሌክትሮኒክስ ስክሪን የመጣ ነው። በ1968 የካምብሪጅ ተመራማሪዎቹ ፈርገስ ካምቤልና ጆን ሮብሰን ደማቅና ደብዛዛ መስመሮች እየተፈራረቁ የሚታዩበትን ንድፍ በኦሲሎስኮፕ ስክሪን ላይ እያሳዩ ሰዎች መስመሮቹን ለማየት የሚያስፈልጋቸውን አነስተኛ የብርሃን ልዩነት ለኩ። ይህ በደማቁና በደብዛዛው መካከል ያለው አንጻራዊ ልዩነት ኮንትራስት ይባላል። የሰው ዐይን ይበልጥ ንቁ የሚሆነው በጣም ለቀጠኑትም ሆነ በጣም ለሰፉት መስመሮች ሳይሆን በመካከለኛ ስፋት ላይ ለሚገኙት ነው። የሁለቱ ተመራማሪዎች ሥራ በዕይታ ሥርዓታችን ውስጥ ለተለያየ የመስመር ስፋት የተመደቡ ልዩ ልዩ መሥመሮች እንዳሉ አመለከተ፤ ጆሮ ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ለይቶ እንደሚሰማው ማለት ነው። ግኝቱ ለሕክምናም ጠቅሟል። የዐይን ሞራ የጀመራቸው አንዳንድ ሰዎች የፊደል ሰንጠረዥን በደህና እያነበቡ በጭጋግ ወይም በምሽት ማየት የሚቸገሩት የቀነሰባቸው ኮንትራስትን የመለየት ችሎታ በመሆኑ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ እንቅስቃሴን ይመለከታል። በ1989 ዊልያም ኒውሰም፣ ኬኔት ብሪትንና አንቶኒ ሞቭሾን ለጦጣዎች የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦችን አሳዩ። ከነጠብጣቦቹ የተወሰኑት በመቶኛ ብቻ በአንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ የቀሩት በዘፈቀደ ይበተናሉ። ጦጣዋ አቅጣጫውን ስትመርጥ በአንጎሏ ውስጥ የአንድ ነርቭ ሕዋስ ምልክት በዚያው ጊዜ ይመዘገባል። አንድ ብቸኛ ሕዋስ የጦጣዋን ያህል፣ አንዳንዴም ከጦጣዋ በተሻለ ሁኔታ አቅጣጫውን መለየት መቻሉ ታየ። እንዲህ ያለውን በመቶኛ የሚቆጣጠሩት እንቅስቃሴ ያለ ኮምፒውተር ማዘጋጀት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስክሪን የተሠራው ለሰው ዐይን ነው

ስክሪንን ለመለኪያነት ከመጠቀማችን በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። በስክሪን ላይ ቢጫ ሲታየን ስክሪኑ ቢጫ ብርሃን እያመነጨ አይደለም። ቀዩንና አረንጓዴውን ነጥብ አብርቶ ዐይናችንን ያስመስላል እንጂ። ይህ ሊሆን የቻለው በሬቲና ላይ ቀለም የሚለዩት ኮን የተባሉት ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ብቻ ስለሆኑ ነው። ሦስቱ ሕዋሳት ከሎሚ በሚመጣው ብርሃንና ከስክሪኑ በሚመጣው ድብልቅ እኩል ከተነቃቁ አእምሮ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከዚህ የምንማረው ስክሪን የተፈጥሮን ብርሃን የሚቀዳ መስተዋት ሳይሆን በሰው ዐይን ድክመት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ መሣሪያ መሆኑን ነው። ንብ አልትራቫዮሌትን፣ ሰማያዊንና አረንጓዴን የሚቀበሉ ሕዋሳት ስላሏት በስክሪን ላይ የተሣለ አበባ ለእርሷ እውነተኛውን አበባ አይመስልም። ብዙ ወፎችም አራት ዓይነት ኮን አላቸው። በመሆኑም የእንስሳትን የቀለም ዕይታ በተራ ስክሪን የሚፈትን ሰው ከመጀመሪያው ስቷል። ለሰውም ቢሆን ሁለት የተለያዩ ስክሪኖች ለአንድ ቁጥር አንድ ዓይነት ቀለም እንደማያሳዩ ኮምፒውተሮች ተደርድረው የሚገኙበት ክፍል የገባ ሁሉ ያውቃል።

የመጀመሪያው ወጥመድ፦ የብርሃን መጠን

በተለመደው ስክሪን የእያንዳንዱ ቀለም ጥንካሬ ከ0 እስከ 255 በሆነ ቁጥር ይታዘዛል። 0 ጨለማ፣ 255 ከፍተኛው ብርሃን ከሆነ 128 የብርሃኑ ግማሽ ነው ብሎ መገመት ተፈጥሯዊ ነው። ግምቱ ግን የተሳሳተ ነው። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ከቁጥሩ ጋር እኩል አያድግም፤ በግምት የቁጥሩን 2.2ኛ ኃይል ተከትሎ ያድጋል። ይህ 2.2 የተባለው አኃዝ ጋማ ይባላል። ግማሽ የሆነው 0.5 በ2.2 ኃይል ሲነሣ 0.22 ገደማ ስለሚሆን 128 የሚሰጠው ከከፍተኛው ብርሃን 22 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ይህ ጠባይ በቀድሞው የካቶድ ጨረር ቱቦ ውስጥ ከነበረው የኤሌክትሮን መርጫ የመጣ ሲሆን፣ አዳዲሶቹ ስክሪኖችም እንዲጣጣሙ ተብሎ ሆን ተብሎ ተይዟል።

አንባቢ ይህን በራሱ ኮምፒውተር ሊያረጋግጥ ይችላል። በሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም አንድ አራት ማዕዘን ወስዶ ግራ ግማሹን አንድ አንድ ፒክስል ውፍረት ባላቸው ጥቁርና ነጭ አግድም መስመሮች ይሙላው፤ ቀኝ ግማሹን ደግሞ ቁጥሩ 128 በሆነ ግራጫ ይቀባው። ምስሉ ሳይጎላና ሳያንስ በእውነተኛ መጠኑ መታየት አለበት። ከዚያ መስመሮቹ ተዋሕደው ወጥ ግራጫ እስኪመስሉ ድረስ ወደ ኋላ ይራቅ። ግራው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ስለሆነ በእርግጥም የብርሃኑን ግማሽ ይሰጣል። ቀኙ ግን ከግራው በግልጽ የጠቆረ ሆኖ ይታያል። የግራጫውን ቁጥር ከፍ እያደረገ ሲሞክር ድንበሩ የሚጠፋው 186 አካባቢ ሲደርስ ነው። የብርሃኑ ግማሽ የሚገኘው በ128 ሳይሆን እዚያ ነው።

አንድ ተመራማሪ ይህን ሳያርም «ብርሃኑን በእጥፍ ጨመርሁ» ቢል የጨመረው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው። ፎቶሜትር በተባለ መሣሪያ ስክሪኑ በየቁጥሩ የሚሰጠው ብርሃን ይለካል፤ ከዚያም ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን የሚያርምበት ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ይህ ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል። ስክሪኑ ከበራ በኋላ ብርሃኑ እስኪረጋ ጊዜ ስለሚወስድ ልኬቱ የሚደረገው ቆየት ተብሎ ነው።

ይህም ተደርጎ አንድ ችግር ይቀራል። ከእርማት በኋላ እንኳ የመካከለኛው ብርሃን ደረጃ 128 ቢሆን፣ ከእርሱ አንድ ደረጃ ከፍና ዝቅ በማድረግ የሚገኘው ትንሹ ኮንትራስት 1 ለ128 ማለትም 0.8 በመቶ ገደማ ነው። የሰው ዐይን ግን በተመቸ ሁኔታ ከ0.5 በመቶ ያነሰውንም ይለያል። ስለዚህ ተራ ስክሪን የዐይንን ደፍ ከመድረሱ በፊት የራሱ ደረጃ ያልቅበታል። በ256 ፈንታ በሺህ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን የሚሰጡ የግራፊክስ መሣሪያዎች ለዕይታ ላቦራቶሪዎች የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ፦ ጊዜ

አሁን ወደ መጀመሪያው ተማሪ እንመለስ። ስክሪን እንደ ፋኖስ ያለማቋረጥ የሚበራ አይደለም፤ ምስሉን በተወሰነ ምት ያድሳል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ለእያንዳንዱ ምስል ማለትም ለአንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይሰጣል። በመሆኑም ፊደሉ ለ2 ፍሬም ቢታይ 33.3፣ ለ3 ፍሬም ቢታይ 50 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በመካከላቸው ሌላ ምርጫ የለም። ፕሮግራሙ 40 ቢጠይቅም ኮምፒውተሩ ተቃውሞ አያሰማም፤ አንዳንዴ 33.3፣ አንዳንዴ 50 ይሰጣል። ተማሪው በሰከንድ 75 ጊዜ የሚያድስ ስክሪን ቢኖረው 3 ፍሬም፣ 100 ጊዜ የሚያድስ ቢኖረው ደግሞ 4 ፍሬም በትክክል 40 ሚሊሰከንድ ይሆንለት ነበር።

የስክሪኑ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የካቶድ ጨረር ቱቦ በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ነጥብ በጨረር ሲመታ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ደምቆ ይደበዝዝ ነበር፤ ምስሉም ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይጻፍ ነበር። ጊዜው በትክክል ስለሚታወቅ የዕይታ ተመራማሪዎች ይህን ስክሪን በጣም ይወዱት ነበር፤ ፋብሪካዎች ማምረታቸውን በአብዛኛው ሲያቆሙም ብዙ ላቦራቶሪዎች አሮጌዎቹን ሲንከባከቡ ቆይተዋል። በፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ላይ ግን ነጥቡ እስከሚቀጥለው ፍሬም ድረስ በርቶ ይቆያል፤ ክሪስታሉም ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ለመዞር የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል። ኦሌድ የተባሉት ስክሪኖች በፍጥነት የተሻሉ ቢሆኑም ሰፊ ቦታ ሲበራ ብርሃናቸውን በራሳቸው ሊቀንሱ ይችላሉ።

የጊዜን ጉዳይ ለማረጋገጥ አስተማማኙ ዘዴ ፕሮግራሙን ማመን ሳይሆን ብርሃኑን መለካት ነው። በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ፎቶዳዮድ የተባለች ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ አነስተኛ ዕቃ ተለጥፋ ከኦሲሎስኮፕ ጋር ትያያዛለች፤ ብርሃኑ መቼ እንደበራና መቼ እንደጠፋ በግልጽ ይታያል።

ተማሪው ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። በ1960 ጆርጅ ስፐርሊንግ እንዳሳየው፣ ምስል ከጠፋ በኋላ አሻራው በአእምሮ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ተመልካቹም ከዚያ አሻራ ላይ ማንበቡን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ፊደሉ የታየበት ጊዜና ፊደሉን ለመለየት የወሰደው ጊዜ አንድ አይደሉም። ተመራማሪዎች አሻራውን ለማቋረጥ ከፊደሉ በኋላ ወዲያውኑ የተዘበራረቀ ሸፋኝ ምስል የሚያሳዩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ፦ መጠንና ርቀት

ለዐይን ትርጉም ያለው የዕቃው ስፋት በሴንቲሜትር ሳይሆን በሬቲና ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። ይህም በማዕዘን ዲግሪ ይለካል። ለማስታወስ የሚመች አንድ ርቀት አለ፤ 57 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 1 ሴንቲሜትር ስፋት 1 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ተመልካቹን በዚህ ርቀት የሚያስቀምጡት፣ አገጩንም በማሳረፊያ ላይ የሚያስደግፉት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ፒክስሉ 0.277 ሚሊሜትር የሆነ የተለመደ ስክሪን እንውሰድ። በ57 ሴንቲሜትር ርቀት 1 ዲግሪ 36 ፒክስሎችን ይይዛል። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መስመር ቢያንስ 2 ፒክስል ስለሚያስፈልጋቸው በ1 ዲግሪ ውስጥ ከ18 በላይ የመስመር ጥንዶችን ማሳየት አይቻልም። ጤናማ የሰው ዐይን ግን በተመቸ ሁኔታ እስከ 50 ገደማ የሚደርሱ ጥንዶችን መለየት ይችላል። ተመራማሪው ይህን ሳያሰላ «ከ18 ጥንድ በላይ ማንም አላየም» ቢል የተናገረው ስለ ዐይን ሳይሆን ስለ ፒክስል ነው። ተመልካቹን ወደ 1.7 ሜትር ገደማ ማራቅ ብቻ ችግሩን ያቃልለዋል።

ኮምፒውተሩ እንደ ጠያቂ

ኮምፒውተር ምስል ከማሳየት ባሻገር ቀጣዩን ጥያቄ ይመርጣል። ደፍን ለማግኘት ሁሉንም የብርሃን መጠን በየተራ መሞከር ጊዜ ያባክናል፤ ተመልካቹንም ያደክማል። በዚህ ፈንታ «ደረጃ» የተባለው ዘዴ ሥራ ላይ ይውላል። ተመልካቹ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በትክክል ከመለሰ ኮምፒውተሩ ምስሉን ይበልጥ ደብዛዛ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ያደምቀዋል። ሂደቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ በመጨረሻ በአንድ መጠን ዙሪያ ይረጋል።

የሚረጋበትንም ነጥብ በቀላል ሒሳብ ማስላት ይቻላል። በዚያ ነጥብ ላይ ምስሉ የመደብዘዝና የመድመቅ ዕድሉ እኩል ነው፤ ማለትም ሁለት ትክክለኛ መልሶች በተከታታይ የማግኘት ዕድል 0.5 ይሆናል። የአንድ ትክክለኛ መልስ ዕድል በራሱ ሲባዛ 0.5 የሚሰጥ ከሆነ ዕድሉ 0.707 ነው። ስለዚህ ዘዴው ተመልካቹ ከመቶ 71 ጊዜ ያህል በትክክል የሚመልስበትን ደፍ ያገኛል። ብዙውን ጊዜም ተመልካቹ «አየሁ» ወይም «አላየሁም» እንዲል አይደረግም፤ ምስሉ በቀኝ ነው ወይስ በግራ ተብሎ እንዲመርጥ ይገደዳል። እንዲህ ሲሆን ደፋሩም ጥርጥር የሚያበዛውም ተመልካች በእኩል ሚዛን ይለካሉ።

ዐይንን የሚከተል ስክሪን

ኮምፒውተር ከዐይን እንቅስቃሴ መከታተያ ጋር ሲጣመር ስክሪኑ ተመልካቹ ወደሚያይበት ቦታ ራሱን ያስተካክላል። በ1975 ጆርጅ ማኮንኪና ኪት ሬይነር በአንባቢው ዐይን ዙሪያ ያሉ ጥቂት ፊደላት ብቻ በትክክል የሚታዩበት፣ የቀሩት የሚበላሹበትን «ተንቀሳቃሽ መስኮት» ሠሩ። ዐይን ሲንቀሳቀስ መስኮቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። መስኮቱን እያጠበቡ በመሄድ የንባብ ፍጥነት የሚቀንስበት ስፋት ይለካል። በዚህ መስመር የተደረጉ ጥናቶች የእንግሊዝኛ አንባቢ ከሚያተኩርበት ቦታ በስተግራ 3 ወይም 4፣ በስተቀኝ ግን 14 ወይም 15 ፊደላት ከሚሆን ስፋት መረጃ እንደሚሰበስብ አሳይተዋል። ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው ዕብራይስጥ ላይ በ1981 የታተመ ጥናት ደግሞ አድልዎው ወደ ግራ መዞሩን አሳየ። አድልዎው በዐይን አሠራር ላይ የተመሠረተ ሳይሆን በንባብ ልማድ የሚቀረጽ ነው ማለት ነው።

ይህ ውጤት ለእኛም ጥያቄ ያስነሣል። በግዕዝ ፊደል አንድ ሆሄ ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ሆሄያትም ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥል ነው። በ«ቡ» እና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት በስተቀኝ ያለችው አጭር መስመር ከመካከል ወይም ከሥር መሆኗ ብቻ ነው። በጥቂት ፒክስሎች በተጻፈ አነስተኛ ፊደል ላይ ይህች መስመር ልትደበዝዝ ትችላለች። የአማርኛ አንባቢ በአንድ እይታ ስንት ሆሄ ይሰበስባል? የትኞቹን ሆሄያትስ ያሳስታል? እነዚህ በስክሪን፣ በጥንቃቄና በትዕግሥት ሊመለሱ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ከላቦራቶሪ ወደ ሜዳ

ስክሪን ዛሬ ከላቦራቶሪ ወጥቷል። በኬንያ ገጠር ቤት ለቤት እየተዞረ በስልክ ስክሪን የሰዎችን የማየት ችሎታ የመለካት ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ2015 ታትሟል፤ በስልክ የተገኘው ልኬት ከተለመደው ሰንጠረዥ ልኬት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። የዐይን ሐኪም በሩቅ ለሚገኝበት ሕዝብ ይህ ታላቅ ዜና ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ የልኬት ስሕተት የአንድ ጽሑፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ2 ሜትር ርቀት በጤናማ ዐይን መለየት የሚገባው ምልክት ቁመቱ 2.9 ሚሊሜትር ነው። ፈታኙ ሳያስተውል በ1.5 ሜትር ላይ ቢቆም ምልክቱ ለዐይን በሦስት አንድ እጅ ያድጋል፤ መነጽር የሚያስፈልገው ልጅም ጤናማ ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል።

ሰዎች በየቤታቸው በራሳቸው ኮምፒውተር የሚሳተፉባቸው ሙከራዎችም እየበዙ ነው። ተመራማሪው ስክሪናቸውን ሳያይ መጠኑንና ርቀቱን እንዴት ያውቃል? በ2020 የታተመ አንድ ዘዴ መላ ያቀርባል። ተሳታፊው የባንክ ካርዱን በስክሪኑ ላይ አስደግፎ የተሣለውን አራት ማዕዘን ከካርዱ ጋር ያስተካክላል። የካርድ ስፋት በዓለም ዙሪያ 85.6 ሚሊሜትር ስለሆነ የፒክስሉ መጠን ይታወቃል። ቀጥሎ አንድ ዐይኑን ሸፍኖ በሌላው ዐይኑ አንድ ምልክት ላይ ሲያተኩር ሌላ ነጥብ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ነጥቡ የዐይን ነርቭ ከሬቲና በሚወጣበት ዕውር ቦታ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። ዕውሩ ቦታ ከትኩረቱ 15 ዲግሪ ገደማ ርቆ ስለሚገኝ ነጥቡ የጠፋበት ቦታ ተመልካቹ ከስክሪኑ ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል። የዐይን ጉድለት ራሱ የርቀት መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ለዕይታ ጥናት የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞች ዛሬ ተዘጋጅተው ይገኛሉ። ዴቪድ ብሬይናርድና ዴኒስ ፔሊ በ1997 ያስተዋወቁት ሳይኮፊዚክስ ቱልቦክስ፣ እንዲሁም ጆናታን ፒርስ በ2007 በጽሑፍ ያቀረበው ሳይኮፓይ በብዙ አገሮች በሥራ ላይ ናቸው። አንድ የኮምፒውተር ክፍል፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ፎቶዳዮድ ያለው ተማሪ ብዙ ቁም ነገር ሊሠራ ይችላል። የሚያስፈልገው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለሱ ነው፦ ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ምን ያህል ነው? ለስንት ፍሬም ይቆያል? ለተመልካቹ ዐይን ስንት ዲግሪ ይሆናል?

በመጀመሪያ የጠቀስነው ተማሪም ሥራው ከንቱ አይቀርም። ስክሪኑን ለክቶ፣ ሸፋኝ ምስል ጨምሮ ሙከራውን ቢደግመው ሪፖርቱ «በሰከንድ 60 ጊዜ በሚያድስ ስክሪን ላይ ለ2 ፍሬም ታይቶ ወዲያው የተሸፈነን ፊደል ተሳታፊዎች ከመቶ ይህን ያህል ጊዜ ለይተዋል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ከቀድሞው የረዘመና ያነሰ የሚያስደንቅ ነው። ሌላ ተመራማሪ በሌላ አገር ደግሞ ሊፈትነው የሚችለው ግን ይህኛው ነው።